የጥቁሯ መኪና ግንባር

መስኮቱን የዘጋሁት በርዶኝ አይደለም። ለምን ዘጋሽው ብለሽ መጠየቅሽ ካልቀረ ልንገርሽ፤ ሽታውን ሸሽቼ ነው። የአለቃችን ሹፌር ጥቁሯን መኪና ባሕር ዛፉ ጥላ ሥር አቁሞ፣ የሰም ቆርቆሮውን ከፍቶ፣ ከጠዋት ጀምሮ ያሻታል። ከአዲስ አበባ ትልቅ ሰው ይመጣል ተብሏል። ወልቂጤ ውስጥ ትልቅ ሰው ይመጣል በተባለ ቁጥር መኪና ይታጠባል እንጂ የሚጠገን ነገር የለም። የቢሮው ጣሪያ ያፈሳል። የኔ የጽሕፈት መኪና አንድ ፊደል ከተሰበረበት ከርሟል። የአለቃችን መኪና ግን ፊት ታሳያለች።

የሰም ሽታ ታውቂዋለሽ? መጀመሪያ ጋዝ ጋዝ ይላል፤ ቆየት ሲል እንደጠፋ ሻማ ይሆናል። ለሌላው ሰው የሀብት ሽታ ነው፤ ሲያልፉ ቆም ብለው ይስቡታል። እኔ ዘንድ ሲደርስ ግን ከኋላው የለጋ ቅቤ ሽታ ይከተለዋል። እዚህ ቢሮ ውስጥ ቅቤ የለም። ቢሆንም ይሸተኛል፤ ከዚያ በኋላ መተየብ አልችልም።

ያን ጊዜ ቡታጅራ ነበርን። እህቴ ስምንተኛን ጨርሳለች፤ እኔ ሰባተኛ ልገባ ነው። አባታችን የበርበሬ ነጋዴ ነበር። ግቢያችን ወደ ገበያው በሚወስደው መንገድ ላይ ሆኖ ሰፊ ነው፤ የቆርቆሮ በሩም ባለሁለት ተከፋች ስለነበር ሠፈሩ ያከብረናል። በበር መከበር ምን እንደሆነ አሁንም አይገባኝም።

ክረምት ከመግባቱ በፊት ሽማግሌዎች መጥተው እህቴን ለአንድ የመርካቶ ነጋዴ ጠይቀው ነበር። ሰውዬው የመስቃን ገጠር ልጅ ነው፤ በልጅነቱ አዲስ አበባ ገብቶ፣ ሠርቶ፣ ሱቅ ከፍቶ፣ ጥቁር መኪና ገዝቷል። ባለመኪናው እንበለው፤ ከዚያ ሌላ የሚጠራበት ነገር አልነበረውም። አባቴ ለሽማግሌዎቹ ሲመልስ፣ ልጄን ሳልጠይቅ አልሰጥም፣ የመስቀል ሰሞን ተመለሱና እዚሁ ፊታችሁ ትጠየቃለች፣ አለ። ንጉሥ ይሙት ብሎም ማለ። አባቴ በሕይወቱ ከተናገራቸው ነገሮች ሁሉ ያቺን ወድጄለት ነበር።

እህቴ መልሷን ክረምቱን ሙሉ ስታዘጋጅ ከረመች። እምድብር ያሉት ፈረንጅ መነኮሳት ክሊኒካቸው ውስጥ ቁስል ማጠብና መርፌ መውጋት ሊያስተምሯት፣ ከመስቀል በኋላ ነይ ብለዋታል። ከአሮጌ ነጠላ ጥብጣብ ቀድዳ በኔ ክንድ ላይ ፋሻ ማሰር ትለማመድ ነበር። ደህናውን ክንዴን ጠቅልላ፣ ጫፉን በጥርሷ ይዛ ታጠብቅና «አመመሽ?» ትለኛለች። አላመመኝም ስላት ትከፋለች። ሽማግሌዎቹ ፊት ቆማ የምትለውን ለእናቴና ለእኔ ብቻ ነግራን ነበር፦ አልፈልግም፣ ልማር ነው። ይኸው ነው። እናቴ ሰምታ ዝም አለች። እናቴ ዝም ካለች ተስማምታለች ማለት ነው።

የአገራችን ሰው ለመስቀል ከያለበት ይገባል። በአውቶቡስ መተላለፊያ ላይ ቆሞም ቢሆን፣ ልጁን በትከሻው ተሸክሞም ቢሆን ይገባል። ባለመኪናው በመኪናው ገባ። የዚያን ዓመት ዝናቡ ገና አልለቀቀም ነበርና ጥቁሯ መኪና ከጭቃ የተሠራች መስላ ነበር የደረሰችው፤ ጥቁር መሆኗን በወሬ ነው ያወቅነው። ቢሆንም ሠፈሩ ተንጋግቶ ወጣ። አባቴ ሁለቱንም የበሩን ክንፎች ከፈተ። ለእናቱ ቀብር እንኳ የከፈተው አንዱን ነበር።

መኪናዋ እኛ ግቢ ትደር ተባለ። ሆቴሉ ሰካራም ይበዛበታል፤ ወደ እናቱ መንደር የሚወስደው መንገድ ደግሞ ጭቃ ነው። ባለመኪናው ራሱ ሆቴል አደረ። እናቱ ዘንድ ለመሄድ መንገዱ እስኪደርቅ ይጠብቃል። በእግር እኮ ግማሽ ቀን አይሞላም፤ ሴቶቹ ቆጮ ተሸክመው ገበያ ደርሰው የሚመለሱበት መንገድ ነው። እናቴ ጓዳ ሆና፣ «መንገዱ እስኪደርቅ እናቲቱ ትድረቅ?» አለች። ውጭ ወጥታ ግን እንኳን ደህና መጡ አለችው። ሁላችንም እንደዚያው ነበርን፤ ጓዳ ሌላ፣ ደጅ ሌላ።

ሹፌሩ አዲስ አበቤ ነው። ቀጭን፣ ሲጋራውን ከጆሮው ጀርባ የሚሰካ፣ ሲናገር ግማሹን በአፍንጫው የሚናገር። መኪናዋ ለሽማግሌዎቹ ቀን መስታወት እንድትሆን ታዝዟል። የዚያን ቀን የወረዳው ገዥም ምሳ ተጠርቷልና መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው እሷ ላይ እንዲሆን ባለመኪናው ፈልጎ ነበር። እህቴ ሁለተኛ ነበረች።

ለዚህ ሥራ ውሃ የሚቀዳው ማን ይመስልሻል? እኔና እህቴ። እሷን ሊወስድ የመጣውን መኪና ልናጥብ ከወንዝ እስከ ግቢ በእንስራ ተመላለስን። ሹፌሩ ውሃውን ከላይ አፍስሶ ጭቃው በራሱ እንዲወርድ ይተወዋል፤ መፈተግ ክልክል ነው፤ አሸዋው ቀለሙን ይጭረዋል። እኔ ለማገዝ ብዬ የእንስራ ማጠቢያ ቃጫ ይዤ ስቀርብ እንደ እብድ ውሻ ዘሎ እጄን ያዘ።

«በቃጫ? አንቺ፣ ፊትሽን በድንጋይ ታጥቢያለሽ?»

«እኔ ፊቴን ለገዥ አላሳይም» አልኩት።

ሳቀ። ከዚያ ወዲህ «ምላሷ» እያለ ይጠራኝ ጀመር፤ ስሜን አልጠየቀም።

ጭቃው ሲወርድ ከሥሩ የወጣውን ጥቁረት አይቼ አፌን እንደያዝኩ አልክድሽም። ቢሆንም ያን ስሜት ወዲያው ዋጥኩት። ሹፌሩ በለስላሳ ቆዳ አደረቃት። ከዚያ የሰሙን ቆርቆሮ በሳንቲም ጠርዝ ፈልቅቆ ከፈተና በትንሽ ጨርቅ እየነካ፣ ኮፈኑ ላይ ክብ ክብ እየሠራ ይቀባ ጀመር። ሰሙ ሲደርቅ ነጭ ይሆናል፤ መኪናዋ ጉም የወረደባት ትመስላለች። ያን ጊዜ በፍላኔል ጨርቅ ያሻታል፤ ጉሙ ይገፈፍና ሰማዩ ኮፈኑ ላይ ይታያል። የኛ ቤት ክዳን፣ የኛ ባሕር ዛፍ፣ አጥር ላይ የቆመች የጎረቤት ዶሮ ሳትቀር። ሌላ አንድ ፍላኔል ደግሞ ነበረው፤ አዲስ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ፣ ገዥው ሊደርስ ሲል ለመጨረሻው ማለፊያ ያስቀመጠው። እንዳትነኩት ብሎ ለሁላችንም፣ ለአባቴም ጭምር አስታውቆናል።

«ላም ናት እንዴ እንዲህ የምታሻት?» ብዬ ጠየቅኩት።

«ላምማ ብትሆን እናልባት ነበር» አለኝ ዓይኑን ከሥራው ሳያነሳ። «ይቺ ናት እኛን የምታልበን።»

አባቴ ክረምቱን ያሳለፈ በርበሬ ፀሐይ ለማስመታት ግቢው ውስጥ ዘርግቶ ነበር። ብናኙ ሰሙ ላይ ይቀመጣል ተባለ። አባቴ በርበሬውን፣ የምንበላበትን፣ የምንማርበትን በርበሬ፣ ገና እርጥበቱ ሳይለቀው አፍሶ ጎተራ መለሰው። ሻገተ። እናቴ የሻገተውን ስትለቅም አንድ ቃል አልተናገረችም፤ ይሄኛው ዝምታዋ ግን መስማማት አልነበረም። አባቴ በበኩሉ መኪናዋን ሲዞራት ይውላል። ሊነካት ይፈልግና እጁን ወደ ኋላው ያጣምራል። በበርበሬ የሻከረ እጅ ነበረው። እጁን ለምን እንደሚደብቅ ሳይ ደሜ ይፈላ ነበር።

ከሁሉ የገረመኝን ልንገርሽ። ሹፌሩ በመጨረሻ ቁጭ ብሎ ጎማዎቹን ጥቁር የጫማ ቀለም ቀባቸው። ከግቢያችን አጥር ውጭ ቆሞ ከሚያየው ሰው ሁሉ ጫማ ያደረገ ቢፈለግ ምናልባት የትምህርት ቤቱ አስተማሪ ብቻ ነበር። አራት ጎማ ግን ቀለም ተቀባ። ሰዉ ደግሞ ሳቅ አይለውም፤ ምራቁን እየዋጠ ያያል።

ቀኑ ደረሰ። መኪናዋ ገዥው ሲገባ ፊት ለፊት እንድታገኘው ፊቷን ወደ በሩ አድርጋ ቆመች። ሽማግሌዎቹ እልፍኝ ገብተዋል። አንደኛው ሐጂ ጎረቤታችን ነበሩ፤ በሠፈራችን ክርስቲያኑም እስላሙም ሲጣላና ሲጋባ እሳቸው ካልተቀመጡ ነገር አይረጋም። ባለመኪናው ጸጉሩን ዘይት ተቀብቶ፣ መሐረቡን በደረት ኪሱ አሹሎ፣ ስለ መርካቶ ያወራል። በአማርኛ ብቻ ነው የሚያወራው። የአባቱን ቋንቋ ረስቻለሁ ይል ነበር። ያጎቴ ልጅ ከሱ ቀድሞ ሄዶ እስካሁን አልረሳም።

እኔና እህቴ ጓዳው በር ላይ ነበርን። እህቴ ነጩን ቀሚሷን ለብሳ፣ ሻሿን አስራ፣ ከንፈሯ በቀስታ ይንቀሳቀሳል፤ የምትለውን እየደገመች ነው። አልፈልግም፣ ልማር ነው። ሹፌሩ ልብሱን ሊቀይር ከቤቱ ጀርባ ሄዷል። ግቢው ውስጥ መኪናዋ ብቻዋን ነበረች፤ ፀሐይዋ ላይዋ ላይ ስለምታንጸባርቅ እሷን ትኩር ብሎ ማየት አይቻልም።

ያኔ አንዲት አሮጊት በበሩ ገባች። እስከ ጉልበቷ ጭቃ ናት። ነጠላዋን አገልድማ፣ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ነገር በሁለት እጇ እንደ ሕፃን አቅፋለች። ከዚያ በፊት አይተናት ባናውቅም ባለመኪናውን ስለምትመስል ማንነቷን ለማወቅ አልተቸገርንም። እናቱ ናት። መንገዱ እስኪደርቅ አልጠበቀችም።

ወደ ቤት አልመጣችም። ቀጥ ብላ መኪናዋ ዘንድ ሄደች። ኮፈኑ ላይ ጎንበስ ስትል ፊቷን አየችውና ደንግጣ ወደ ኋላ አለች፤ ከዚያ ደግማ ጎንበስ አለችና ብቻዋን ሳቀች። ቅጠሉን ፈታች። ቅቤ ነው፤ ለጋ፣ ቢጫ፣ ገና ውሃው ያልለቀቀው። አንድ እፍኝ ቆርሳ የመኪናዋ ግንባር ላይ አኖረችና በመዳፏ ቁልቁል አሸችው። ከዚያ መብራቶቹን፣ እንደ ዓይን ቆብ፣ አንዱን ቀጥላ ሌላውን። በቋንቋችን እየመረቀቻት ነበር። ልጄን ከሩቅ አገር በደህና ያመጣሽልኝ፣ እግርሽ አይሰንከል፣ ዓይንሽ አይፍዘዝ ትላለች። በፊት ጊዜ ሰው ከሩቅ አገር ያመጣች በቅሎ ግንባሯን ቅቤ ትቀባ ነበር። አሮጊቷ በቅሎዋን መቀባቷ ነው።

እኔ ሳቄ አመለጠኝ። እህቴ ክንዴን ያዘችኝ። «ዝም በይ» አለች፤ «እያት።»

ቅቤው በጋለው ብረት ላይ ይቀልጥ ጀመር። ሹፌሩ ስንት ጊዜ ያሸው ሰም ላይ ቢጫ ወዝ እየሰፋ ወረደ። ዝንብ መጣ። ጨርቅና ሰም የለመደችው መኪና ልክ እንደኛ አገር ሰው ሸተተች። እውነቱን ልንገርሽ፣ እንደዚያች ደቂቃ አምራ ታይታኝ አታውቅም።

በዚሁ መሀል ገዥው በበሩ ገባ፤ ባለመኪናው ሊቀበለው ሽማግሌዎቹን አስከትሎ ከእልፍኝ ወጣ። ሁሉም በአንድ ጊዜ አዩ። ባለመኪናው ፊቱ ተለዋወጠ። ቅቤውን አየ፣ ገዥውን አየ፣ እናቱን አየ። ከዚያ በአማርኛ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣

«ማናት ይቺ? ማን አስገባት?» አለ።

አሮጊቷ አማርኛ አትሰማም። የልጇን ድምፅ ግን ሰማች፤ ቅቤ የነካቸውን እጆቿን ወደ ፊቱ ዘርግታ ልትስመው ሄደች። ለኮቱ አስቦ ወደ ኋላ ሸሸ። ሸሸ ነው የምልሽ፤ እንደ እሳት።

 ሐጂ ጎረቤታችን ብቻ፣ በቀስታ፣ «እናትህ ናት» አሉት። እሱም የማያውቅ ይመስል፣ እንደ ዜና ነገሩት።

ሹፌሩ ሸሚዙን ሳይቆልፍ ከጀርባ እየሮጠ መጥቶ በያዘው ጨርቅ ቅቤውን ይጠርግ ጀመር። ሲጠርገው ይባስ ተለቀለቀ። አሮጊቷ ያን ጊዜ ገባት። ምን እንዳጠፋች አልገባትም፤ እንዳጠፋች ብቻ ነው የገባት። መሀል ግቢ ቆመች፣ ሁለት እጆቿ እስከ አንጓቸው ቅቤ ሆነው፣ ከሰውነቷ ራቅ አድርጋ ይዛቸው። የምርቃት ቅቤ በልብስ አይጠረግም፤ መሬትም አይነካም። የሚቀባው ሰው ካልፈለገው ሌላ ይፈለግለታል እንጂ አይጣልም። እሷም ግራና ቀኝ ታያለች፣ እጆቿን የምታሳርፍበት ፈልጋ። ማንም አልቀረባትም። አባቴ አልቀረበም። እናቴ ጓዳ ነበረች። እኔ፣ ምላሷ የተባልኩት፣ አፌን ከፍቼ ቆሜያለሁ።

እህቴ ከአጠገቤ ሄደች። ስትሄድ አልሮጠችም። አሮጊቷ ፊት ስትደርስ ሻሿን ፈትታ ትከሻዋ ላይ ጣለች፤ ጎንበስ አለችና አናቷን ሰጠቻት።

 አሮጊቷ ሁለቱንም እጆቿን እህቴ ጸጉር ውስጥ ከተተችና ቅቤውን እስከ መጨረሻው፣ ጣት በጣት፣ አሸችላት። ቅቤው በግንባሯ ወርዶ ነጩ ቀሚስ ላይ ይንጠባጠባል። አሮጊቷ ምርቃቷን ከተቋረጠበት ቀጠለች፤ አሁን ለመኪና አልነበረም።

እኛ ዘንድ የወንዱ እናት በልጅቷ አናት ላይ ቅቤ ካደረገች ነገሩ አለቀ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ጥያቄ የለም፣ ሽማግሌ የለም። እህቴ ይህን ታውቃለች። ግቢው ውስጥ የቆመ ሁሉ ያውቃል። የጎረቤት ሴቶች በአጥሩ ላይ ያዩ ነበርና አንዷ እልል አለች፤ ሌሎቹ ተቀበሏት። ባለመኪናው ፈገግ አለ፤ መዳኑን አወቀ፤ ቅቤው ለሙሽራይቱ የመጣ ይመስል ለገዥው ባህላችን ነው ብሎ ያስረዳ ጀመር። አባቴ ዓይኑን ጠረገ።

ሐጂ ጎረቤታችን ወደ አባቴ ጠጋ ብለው፣ «አልተጠየቀችም እኮ» አሉት።

«ከዚህ በላይ ምን ይጠየቃል?» አለ አባቴ።

መሐላው በዚያው ቀረ። ገዥው መኪናዋን በከዘራው ጫፍ ጠቆም አድርጎ ጥሩ መኪና ናት አለና ክትፎ ወዳለበት ገባ፤ ሌሎቹም ተከትለውት ገቡ። ግቢው ውስጥ እኛ ቀረን፦ አሮጊቷ፣ እህቴ፣ ሹፌሩና እኔ።

እህቴ አሮጊቷን በርጩማ ላይ አስቀመጠቻት። ጭቃውን ስታጥብላት ከሥሩ ቁስል ወጣ፤ ቁርጭምጭሚቷ ላይ፣ የቆየ፣ መንገዱ ደግሞ ያደማው። በዚያ እግር ነው ያን ሁሉ መንገድ የሄደችው። እህቴ ቁስሉ ላይ ውሃ እያፈሰሰች፣ ሳትፈትግ፣ ጭቃው በራሱ እንዲወርድ ተወችው። ከዚያ ቀና ብላ ሹፌሩን ንጹሕ ጨርቅ እንዳለው ጠየቀችው።

ሹፌሩ መኪናዋን አየ። ገና ቅባት ቅባት ትላለች፤ ጌታው ምሳ በልቶ ሲወጣ መስታወት ሆና መጠበቅ አለባት። የመኪናዋን በር ከፍቶ በላስቲክ የተጠቀለለውን አዲሱን ፍላኔል አወጣ። በጥርሱ ነክሶ ለሁለት ቀደደውና ሁለቱንም ሰጣት። «እኔን እንደሆነ ሌላ ቦታም እቀጠራለሁ» አለ፤ ለእኛም ለራሱም አልነበረም።

በግማሹ አሰረችላት። ጫፉን በጥርሷ ይዛ አጠበቀችና በቋንቋችን «አመመሽ፣ እማ?» አለቻት። አሮጊቷ አመመኝ አለች። እህቴ ክረምቱን ሙሉ ከኔ ክንድ ያጣችውን መልስ አገኘች።

ማታ ሳይሆን ገና በጠራራው፣ ጓዳ ጎትቼ አስገባኋትና ጮህኩባት። አልፈልግም ማለት አቅቶሽ ነው? ይሄን ከንቱ ሰው? እናቱን ማናት ያለ ሰው? እምድብርስ? ብዙ አልኳት። ቅቤው ቅንድቧ ላይ ደርሶ ዓይኗን ያስጨፍናታል። በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችና፣

«እጇን የት ታድርገው?» አለችኝ።

ከዚህ ሌላ አልመለሰችልኝም። ያን ጊዜም፣ ከዚያ ወዲህም።

ለሠርጉ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፦ እኔን ይዛኝ እንድትሄድ፣ እኔም እዚያ እንድማር። ባለመኪናው ተስማማ፤ አንዲት ጠቋራ ልጅ ምን ታስፈጃለች። አዲስ አበባ ሁለተኛ ደረጃ የገባሁት፣ መተየብ የተማርኩት፣ ዛሬ እዚህ ተቀምጬ የአለቃ ደብዳቤ የምመታው በዚህ ነው። ዝናብ ሲሆን በጥቁሯ መኪና ትምህርት ቤት ይወስዱኝ ነበር። ከቡታጅራ በወጣንባት ቀን እህቴ ቅቤ የተቀባ አናቷን ያስደገፈችበት የኋላ ወንበር ላይ ክብ ወዝ ቀርቷል። በዚያኛው ቦታ የተቀጠረው አዲሱ ሹፌር በሳሙናም በቤንዚንም ሞክሮ አልለቀቀለትም። እኔ ሁልጊዜ የምቀመጠው እዚያ ጎን ነበር፤ ጭንቅላቴን እዚያው ላይ አደርጋለሁ።

ባለመኪናው ክፉ ሰው ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። አልሆነም። አልመታት፣ አልሰደባት፣ አላስራባት። እሑድ እሑድ መኪናውን ያስወለውላል፤ ክራቫቱን አስሮ ይዞራታል። ለመናቅ እንኳ የሚበቃ ስፋት የለውም፤ ቢሆንም እኔ ተግቼ ንቄዋለሁ። እህቴ እንዲያው ዝም ብላ አብራው ትኖራለች። በዓመት በዓመቱ ለመስቀል በአውቶቡስ ትወርድና፣ ከዚያ በእግሯ ገጠር ገብታ፣ ያን ፍላኔል አጥባና ተኩሳ የአሮጊቷን እግር ታስርላታለች። አንደኛው ግማሽ ሲታጠብ ሌላኛው ይታሰራል። ያ ቁስል ሙሉ በሙሉ ዳነ ሲባል አልሰማሁም። እህቴ ያገኘችው ክሊኒክም አንድ በርጩማ ብቻ ነበር።

ዘንድሮ ክረምት ላይ አሮጊቷ ሞተች። ልጇ አዲስ ጥቁር መኪና ገዝቶ ነበርና ዋናው መንገድ ላይ አቁሞ፣ ሱሪውን ሰብስቦ በጭቃው ገባ። በመጨረሻ ገባ። ሲያለቅስ በቋንቋችን ነበር፤ አንድም ቃል አልረሳም። እሱን አይቼ ልናደድ ፈልጌ ነበር፤ አልመጣልኝም፤ ያም አናደደኝ።

እህቴ ከለቅሶው መልስ አንዱን የፍላኔል ግማሽ እጄ ላይ አኖረችው። ሁለተኛው ከአሮጊቷ ጋር ሄዷል። «እኔ ከእንግዲህ ምን አደርግበታለሁ» አለችኝ። ጸጉሯን አየሁት፤ ደርቋል፤ ሽበት ጀምሮታል። በዕድሜ የምትበልጠኝ እኮ ትንሽ ነው።

ይኸው የአለቃችን ሹፌር መስኮቱን ያንኳኳል። ሰሙ ነጭ ሆኖ ደርቋል፤ የሚያሽበት አጥሮታል። ቢሮው ውስጥ ንጹሕ ጨርቅ ይኖር እንደሆነ ይጠይቃል።

የለም አልኩት።

መሳቢያዬ ውስጥ አለ።